የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና 2 ሳምንት ሲቀረው፦ ምን ይከለስ? እንዴት?

ፈተና ሲቃረብ ብዙ ቤት ውስጥ የማየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ይከፍታል። ያሰምራል። የተሠሩትን ምሳሌዎች ያነባል፣ "ገብቶኛል" ይላል፣ ገጹን ይገልጣል። በ4ኛው ቀን ገና ራሽናል ቁጥሮች ላይ ነው። ይደክመዋል። ጂኦሜትሪው ሳይነካ ሰኔ ይገባል።

የዘመድና የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። የ8ኛ ክፍል ተማሪን ነጥብ የሚያስጥሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የ8ኛ ክፍል አይደሉም። ልጁ የፓይታጎረስን ቴረም በቃሉ ይወጣዋል፤ የሚሳሳተው ከ169 ላይ 25 ሲቀንስ ነው። ኢኩዌሽኑን ጥሩ አድርጎ ይጀምራል፤ መሃል ላይ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ እዚህ ብዙ ቦታ የምሰጠው ከ5ኛ፣ ከ6ኛና ከ7ኛ ክፍል ይዘናቸው ለመጣናቸው ቀዳዳዎች ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። አንድ ባዶ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ሰዓት፣ በቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ካልኩሌተርም ስልክም ከጠረጴዛው ይነሳ። ፈተና ክፍል ይዛችሁት የምትገቡት እጃችሁንና እርሳሳችሁን ነው፤ ከአሁኑ በዚያ ልመዱ።

ቀን 1፦ መጽሐፍ ሳትከፍቱ ራሳችሁን ፈትኑ

ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ የክለሳ መልመጃዎች 20 ጥያቄ ምረጡ። 4 ከኔጌቲቭና ፖዘቲቭ ቁጥሮች፣ 4 ከክፍልፋይና ከመቶኛ፣ 4 ከኢኩዌሽን፣ 5 ከጂኦሜትሪ፣ 3 ከዳታና ከፕሮባቢሊቲ። የምትወዱትን ምዕራፍ ብቻ እንዳትመርጡ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ቢመርጥላችሁ ይሻላል። 40 ደቂቃ ያዙና ሥሩ።

ስታርሙ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ አንድ ፊደል ጻፉ። በትክክል ከሠራችሁት "ት"። እያወቃችሁት በችኮላ ከሳታችሁት "ች"። ከየት እንደሚጀመር ካላወቃችሁት "አ"። ገምታችሁ ያገኛችሁትም "አ" ነው፤ እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነት ተናገሩ።

አሁን "ች" የሚሉትን ተመልከቱ። ተማሪ ሁሉ "እሱ እኮ በችኮላ ነው" ብሎ ያልፋቸዋል። ተመሳሳይ "ች" 3 ጊዜ ከመጣ ግን ችኮላ አይደለም፤ በትክክል ያልገባ ነገር አለ ማለት ነው። ክለሳው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የስህተት ደብተር

ባዶው ደብተር ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የተሳሳተውን አሠራር ሳታሳምሩ እንዳለ ገልብጡ። በቀኝ በኩል ትክክለኛውን ሥሩ። ከሥሩ ለምን እንደተሳሳታችሁ በራሳችሁ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ተሳሳትኩ" ብቻ አይበቃም። "2ን በቅንፍ ውስጥ ካለው የመጀመሪያው ጋር ብቻ አባዛሁ፣ ሁለተኛውን ረሳሁት" ይባላል።

በየማታው የትናንቱን ገጽ ቀኝ በኩል በወረቀት ሸፍናችሁ እንደገና ሥሩ። 10 ደቂቃ አይፈጅም። በ2 ሳምንት ውስጥ ከምትሠሩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ከቀን 2 እስከ 6፦ የቆዩት ቀዳዳዎች

*ምልክቶች።* አንድ ቀን የእህቴ ልጅ −7 − 3 = 10 ብላ ጻፈች። ለምን ስላት "ሁለት ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል" አለችኝ። ይህን አባባል የማያውቅ ተማሪ የለም። ችግሩ አባባሉ የማባዛትና የማካፈል መሆኑ ነው። (−7) × (−3) = 21 ትክክል ነው። ስንደምርና ስንቀንስ ግን አይሠራም።

ለመደመርና ለመቀነስ የሱቅ ዱቤን አስቡ። የ7 ብር ዕዳ አለባችሁ፣ የ3 ብር ጨመራችሁ። ዕዳው 10 ሆነ፤ −7 − 3 = −10። የ7 ብር ዕዳ አለባችሁ፣ 3 ብር ከፈላችሁ። 4 ይቀራል፤ −7 + 3 = −4። የ7 ብር ዕዳ አለባችሁ፣ ባለሱቁ ከዚያ ላይ የ3 ብሩን ሰረዘላችሁ። ዕዳ ተቀነሰ ማለት ነው፤ −7 − (−3) = −4። ልጅቷ ዱቤውን ካሰበች በኋላ ያንን ስህተት አልደገመችውም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። (−3)² እና −3² አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 9 ነው። ሁለተኛው −9 ነው፤ ምክንያቱም ስኩዌሩ የሚነካው 3ን ብቻ ነው። ቅንፉን ሳታዩ አትለፉ።

ለ5 ቀን በየቀኑ 15 የምልክት ጥያቄ በ5 ደቂቃ ሥሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ኢኩዌሽኑም፣ ኢእኩልነቱም፣ ሁሉም በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

*ክፍልፋይ።* 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ የሚጽፍ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አሁንም አለ። መልሱን አንዴ ብቻ ቢያየው ስህተቱን ራሱ ይይዘው ነበር። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ ላይ ሌላ ቁራሽ ጨምረህ ከግማሽ ያነሰ እንዴት ታገኛለህ? ስለዚህ ታህቶቹን አንድ አድርጉ፤ 3/6 + 2/6 = 5/6።

ማካፈልም እንደዚሁ ነው። "ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ" የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጥቂት ነው የሚያስበው። 3 እንጀራ አለ። ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ቢሰጥ ለስንት ሰው ይደርሳል? ለ6። ስለዚህ 3 ÷ 1/2 = 6። ቁጥሩ ከ3 መብለጡ እንግዳ ከሆነባችሁ እንጀራውን ሳሉት።

*መቶኛ።* እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ቦታ ነውና። ቀጥታውን ጥያቄ ሁሉም ይሠራዋል። የ800 ብር ዕቃ 15% ቫት ቢጨመርበት? 15% ማለት 120 ብር፣ ጠቅላላው 920 ብር። 15%ን በጭንቅላት ለማግኘት 10%ን ውሰዱ፣ 80፤ ግማሹን ጨምሩበት፣ 40፤ 120 ሆነ።

አስቸጋሪው ወደ ኋላ የሚሄደው ነው። "አንድ ዕቃ ቫትን ጨምሮ 920 ብር ተሸጠ። ከቫት በፊት ዋጋው ስንት ነበር?" ብዙ ልጅ የ920ን 15% ያወጣል፣ 138፤ ይቀንስና 782 ይላል። ስህተቱ የት ነው? ቫቱ የተሰላው ከ920 ላይ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። 920 የመጀመሪያው ዋጋ 115% ነው። 920 ÷ 115 = 8፤ 8 የዋጋው 1% ነው፤ 100% ደግሞ 800።

የመቶኛ ጥያቄ ባያችሁ ቁጥር ይህን ጠይቁ፦ የምን መቶኛ? 500 ብር የነበረ ጫማ 20% ጨመረ፣ 600 ገባ። ከዚያ 20% ቀነሰ። ወደ 500 አይመለስም፤ የ600 20% 120 ስለሆነ 480 ይሆናል።

*ወደረኛነት።* ከማስላታችሁ በፊት መልሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ብላችሁ ወስኑ። 6 ሠራተኞች በ10 ቀን የሚጨርሱትን ሥራ 4 ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሳሉ? ሰው ሲያንስ ቀኑ ይረዝማል። 6 × 10 = 60፤ 60 ÷ 4 = 15 ቀን። ከ10 ያነሰ መልስ ካገኛችሁ ሳትቆዩ ተመለሱ።

*ኢኩዌሽን።* መጽሐፋችሁ ኤክስ የሚለውን እዚህ "ቀ" እላለሁ። 3ቀ − 5 = 16 ይሁን። "ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" የሚለውን ዘዴ የያዘ ልጅ 3ቀ = 21 ላይ በትክክል ይደርሳል። ከዚያ 3ንም ያሻግርና ቀ = 18 ይላል። መሻገር የሚባል ነገር የለም። የገበያ ሚዛን ነው። በአንዱ ጎን ያደረግነውን በሌላውም እናደርጋለን። 5 ጨመርን፣ በሁለቱም። ከዚያ 3 ከቀ ጋር ስለተባዛ ሁለቱንም ጎን ለ3 አካፈልን። ቀ = 7።

መልሱን በቀ ቦታ መልሳችሁ ሳታስገቡ አትተዉት። 3 × 7 = 21፣ ሲቀነስ 5፣ 16። ልክ ነው። 10 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ እርግጠኛ ያደርጋችኋል።

ቅንፍ ሲመጣ 2(ቀ + 3) ማለት 2ቀ + 6 ነው፣ 2ቀ + 3 አይደለም። ኢእኩልነት ሲሆን አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። በኔጌቲቭ ስታባዙ ወይም ስታካፍሉ የኢእኩልነቱ ምልክት ይዞራል። −2ቀ < 6 ከሆነ ቀ > −3 ነው። ከተጠራጠራችሁ በቀ ቦታ 0 አስገቡ። −2 × 0 = 0፣ ከ6 ያንሳል፣ እውነት። 0 ደግሞ ከ−3 ይበልጣል፣ እውነት። ተስማሙ።

ከቀን 7 እስከ 10፦ የ8ኛ ክፍሉ

ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ስኩዌር፣ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ኪዩብ በቃላችሁ ያዙ። ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። 2³ ማለት 2 × 2 × 2 = 8 እንጂ 6 አይደለም። የ9 + 16 ስኩዌር ሩት ደግሞ 3 + 4 አይደለም። መጀመሪያ ይደመራል፣ 25፤ መልሱ 5።

ጂኦሜትሪ ላይ አንድ ልማድ ብቻ አድርጉ፦ ሥዕሉን ራሳችሁ ሳሉ። በጥያቄው ላይ ሥዕል ቢኖርም እንደገና ሳሉት፣ የተሰጡትን ቁጥሮች ጻፉበት፣ የተጠየቀውን ክበቡት። ከዚያ ነው ፎርሙላ የሚፈለገው።

ፓይታጎረስ የሚሠራው 90 ዲግሪ ማዕዘን ላለው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ትልቁ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ለዩ። ትልቁ ጎን ከተጠየቀ ስኩዌሮቹን ደምሩ፤ ትልቁ ተሰጥቶ ትንሹ ከተጠየቀ ቀንሱ። ትልቁ 13፣ አንዱ 5 ከሆነ 169 − 25 = 144፣ ሌላው ጎን 12። 3-4-5፣ 6-8-10፣ 5-12-13 እና 8-15-17 ተደጋግመው ስለሚመጡ ብታውቋቸው ጥሩ ነው። ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ግንበኞች ጥጉ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለኩና ገመዱ በሰያፍ 5 ሜትር መምጣቱን ያያሉ። ይኸው ቴረም ነው። ቤታችሁ ጥግ ላይ በሴንቲ ሜትር 30፣ 40፣ 50 አድርጋችሁ ሞክሩት።

የዩክሊድ ቴረም ያስፈራል እንጂ አጭር ነው። ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ወደ ትልቁ ጎን የሚወርደው ቁመት ትልቁን ጎን 4 እና 9 አድርጎ ከከፈለው፣ የቁመቱ ስኩዌር 4 × 9 = 36 ነው። ቁመቱ 6።

ክብ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ዲያሜትር ተሰጥቶ እንደ ሬድየስ መጠቀም። ዲያሜትሩ 14 ሴ.ሜ ከሆነ ሬድየሱ 7 ነው፤ ስፋቱ 22/7 × 49 = 154 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር። 14ን ያስገባ 616 ያገኛል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ መሃል ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሌላው ማስታወስ ያለባችሁ፣ አንድን ቅስት ከመሃል የሚያየው ማዕዘን 80 ዲግሪ ከሆነ ከክቡ ጠርዝ የሚያየው 40 ነው፣ ግማሹ።

ተመሳሳይ ቅርጾች ላይ ደግሞ ይህን ያዙ። የጎኖቹ ውድር 2 ለ 3 ከሆነ የዙሪያቸውም 2 ለ 3 ነው። የስፋታቸው ግን 4 ለ 9።

መለኪያ መቀየር ላይ ተጠንቀቁ። 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1 ስኩዌር ሜትር ግን 10,000 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር። ይዘት ላይ ሊትርን በጀሪካን አስቡት። ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ ገንዳ 1,000 ሊትር ይይዛል፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 50 ጀሪካን። ሲሊንደርም ፕሪዝምም ይዘታቸው የመቀመጫው ስፋት ሲባዛ ቁመት ነው። ፒራሚድና ኮን ሲሆኑ ያው ለ3 ይካፈላል።

ዳታ ላይ አማካይን ወደ ኋላ መሥራት ልመዱ። አንድ ተማሪ በ4 ፈተና አማካዩ 70 ነው። 5ኛው ተጨምሮ አማካዩ 75 እንዲሆን ስንት ማምጣት አለበት? የ4ቱ ድምር 280፣ የ5ቱ 375 መሆን አለበት፣ ልዩነቱ 95። ፕሮባቢሊቲ ከሁሉም ቀላሉ ምዕራፍ ነው፤ የምትፈልጉትን ብዛት ለጠቅላላው ብዛት ማካፈል ነው። መልሳችሁ ከ1 ከበለጠ ተሳስታችኋል።

የቃል ጥያቄና የእንግሊዝኛው ነገር

ብዙ ልጅ ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው የሚጥለው። አዲስ አበባን ጨምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የምትማሩ፣ በስህተት ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ የቃላት ዝርዝር ያዙ። ሰም ድምር ነው፣ ዲፈረንስ ልዩነት፣ ፕሮዳክት ብዜት፣ ኮሽንት ድርሻ። "አት ሊስት 5" ማለት 5 ወይም ከዚያ በላይ፤ 5ም ይቆጠራል። "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" የሚለው ደግሞ ቀ − 5 ነው። እንደ ተነበበው ቅደም ተከተል 5 − ቀ የሚጽፍ ብዙ ነው።

የቃል ጥያቄ ስትሠሩ በመጀመሪያው መስመር ላይ "ቀ" ምን እንደሆነ ጻፉ። "የእህት ዕድሜ ከወንድሟ በ4 ይበልጣል፣ ድምራቸው 26 ነው። የእህት ዕድሜ ስንት ነው?" ቀ = የወንድም ዕድሜ። ቀ + ቀ + 4 = 26። 2ቀ = 22፣ ቀ = 11። አሁን ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡ። የተጠየቀው የእህት ዕድሜ ነው፣ 15። የመጀመሪያውን መስመር ያልጻፈ ልጅ 11ን መርጦ ደስ ብሎት ያልፋል።

ከቀን 11 እስከ 13፦ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች

በቀን አንድ ሙሉ ፈተና፣ በተሰጠው ሰዓት፣ ሳትነሱ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን "ት"፣ "ች"፣ "አ" እያላችሁ አርሙ፣ ወደ ስህተት ደብተሩ አስገቡ። በፎቶ ኮፒና በቴሌግራም የሚዞሩ መልሶች አንዳንዶቹ የተሳሳቱ ናቸው። የእናንተ መልስ ካልገጠመ እንደገና ሥሩት፤ አሁንም ካልገጠመ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። "የዘንድሮው ፈተና ወጣ" የሚል ነገር ሲላክላችሁ ደግሞ አትክፈቱት። እሱን ስትፈልጉ የምታጠፉት ምሽት የክፍልፋይ ምሽት መሆን ይችል ነበር።

በእነዚህ ቀናት ከጓደኛ ጋር ብታጠኑ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ። እርሳሱን የሚይዘው ያልገባው ልጅ ይሁን፤ የገባው በአፉ ብቻ ይርዳ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ሒሳቡን ባታውቁትም ልትረዱ ትችላላችሁ። "እስቲ ይህን እንዴት እንደሠራኸው አስረዳኝ" በሉት። ልጁ ለእናቱ ሲያስረዳ የሚንተባተብበት ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። ያንን ገጽ ምልክት አድርጉበት። ውጤቱን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደራችሁ ግን አትናገሩት።

ቀን 14 እና የፈተናው ዕለት

በዋዜማው አዲስ ነገር አትጀምሩ። የስህተት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዴ አንብቡ። 2 የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ፣ መቅረጫና የመፈተኛ ካርዳችሁን አዘጋጁ። በጊዜ ተኙ።

ፈተናው ሲሰጣችሁ የተሰጠውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት አካፍሉና ለአንዱ ስንት እንደሚደርስ እወቁ። በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ብቻ ሥሩ። ከተያዛችሁ በጥያቄው ላይ ምልክት አድርጉና እለፉ። ኢኩዌሽን ሆኖ መፍታት ካቃታችሁ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በቀ ቦታ አስገቡ፤ የሚገጥመው እሱ ነው።

ጥያቄ ስትዘሉ በመልስ ወረቀቱም ላይ ያንኑ ቁጥር ዝለሉ። 14ን ዘልሎ የ15ን መልስ በ14 ላይ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባበታል። ይህ የደረሰበትን ተማሪ አውቃለሁ፤ ሒሳቡን የሚችል ልጅ ነበር። ስለዚህ በየ5 ጥያቄው ቆም በሉና የጥያቄው ቁጥርና የወረቀቱ ቁጥር መግጠሙን እዩ። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለዚሁ አስቀምጡ፤ ባዶ የቀረ ካለም የማይመስሉትን ምርጫዎች ሰርዛችሁ ከቀሩት አንዱን አጥቁሩ።